«አየሁ» እና «መሰለኝ»



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አገር ናፍቆት ብዙ ቁም ነገር ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የወፍ ነገር ነው። «ይህ ሰው ምን ነካው? ታክሲውን እየነዳ ልጆቹን አያሳድግም?» እንዳትሉኝ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሬ ከወፍ ቢጀምርም የሚያበቃው ከሰው ዘንድ ነው። ከሰውም ከሌላው ሳይሆን ከራሴ ነው የምጀምረው።

ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ ነጂ ነኝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ስለ አእዋፍ አስተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ያስተማርኩት በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ነው። ከክፍሉ መስኮት ውጭ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ወፎቹ ሲንጫጩ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼአቸው የወፍን ምንቃር ሥዕል እሥል ነበር። አንድ ቀን እንኳን «ልጆች፣ ኑ ውጡና እዩ» ብዬ አላውቅም። በሙያዬ እንዲህ ከነበርኩ በሌላው ነገር ምን እንደምመስል ገምቱ።

የወፍ ማየትን ነገር ያስጀመሩኝ አንዲት ደንበኛዬ ናቸው። ዕድሜአቸው ከሰማንያ ያለፈ አሜሪካዊት ናቸው። ዳሌአቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ መኪና መንዳት ትተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት በኤፕሪል ወር አንድ ማለዳ ከቤታቸው አንስቼ ሀንትሊ ሜዶውስ ወደሚባል ቦታ አደረስኳቸው። ከመኪናው ሲወርዱ «ሜትሩ ይቁጠር፤ ክንድህን ስጠኝና አብረን እንሂድ» አሉኝ። እኔም የሚከፈለኝ ከሆነ ብዬ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ያወረደኝ የሜትሩ ነገር እንጂ የወፉ ፍቅር አልነበረም።

ሀንትሊ ሜዶውስ ያለው በቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ብዙዎቻችን ከምንመላለስበት ከሩት 1 ብዙም ሳይርቅ ነው። ስፋቱ ከ1,500 ኤከር በላይ ነው። ይህ በእኛ አለካክ 15 ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የፌደራሉ መንግሥት መሬቱን ለካውንቲው በአንድ ዶላር አስረከበው። መግቢያው በነፃ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ተነሥተው በጫካው ውስጥ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ዛፉ ያልቅና ሰፊ ረግረግ ይከፈታል። በረግረጉ ላይ በእንጨት የተሠራ መራመጃ አለ። በግራና በቀኝ ውኃ፣ ቄጠማ፣ በግንድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎች ይታያሉ። ቢቨር የሚባለው እንስሳ እንጨት እየቆረጠ ውኃውን ይገድባል። በዚህ ቦታ ከ200 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተው ተመዝግበዋል። እኔ ግን ስንት ዓመት በአጠገቡ እየነዳሁ ሳልፍ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ያን ማለዳ በመራመጃው ላይ ቆመን ሳለ አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ከበላያችን ሲያንዣብብ አየሁ። እኔም የባዮሎጂ መምህርነቴ ትዝ አለኝና በኩራት «ንስር!» አልኩ።

አሮጊቷ ባይኖኩላራቸውን ሳያነሡ «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ንስር ነዋ!»

«እሱማ የሰጠኸው ስም ነው። እኔ የጠየቅኩህ ያየኸውን ነው።»

ግራ ገባኝ። አስቤ «ትልቅ ነው፤ ጥቁር ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የምለው አልነበረኝም። «ክንፉን እንዴት አድርጎ ይዞታል?» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ወፉ ሁለቱን ክንፎቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለው ይንሳፈፋል። «ንስር ክንፉን እንደ ሳንቃ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እንዲህ ክንፉን አንሥቶ የሚወዛወዘው ተርኪ ቨልቸር ነው» አሉኝ። አያችሁልኝ? ንስር ብዬ የሾምኩት ጥንብ አንሣ ሆኖ ተገኘ!

እኔም ሽንፈቴን ለማስተባበል «ለነገሩ የአሜሪካ ንስር ራሱ ነጭ ነው፤ የዚህ ነጭ አለመሆኑን ልብ ማለት ነበረብኝ» አልኩ። እሳቸው ግን ይህንንም አላለፉልኝም። ወጣቱ ንስር አራትና አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ራሱ ነጭ አይሆንም፤ ስለዚህ ራሱ ነጭ አለመሆኑ ብቻ ንስር አለመሆኑን አያስረዳም አሉኝ። ትክክለኛውን መልስ ባገኝ እንኳን በተሳሳተ ምክንያት እንዳገኝ አልፈቀዱልኝም። እንዲህ ያለ መምህር እኔ ለተማሪዎቼ ሆኜ ባውቅ ኖሮ ምንኛ በታደሉ!

ከዚያን ቀን ወዲህ በየሳምንቱ አብረን እንሄዳለን። ሜትሩን ካጠፋሁት ቆይቷል። ወፍ የሚያዩ ሰዎች አንድ ያልተጻፈ ሕግ እንዳላቸው የተረዳሁትም ቀስ በቀስ ነው። በማስታወሻቸው ላይ ያላዩትን አይጽፉም። በዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት ቁራዎች አሉ፤ አንደኛው አሜሪካን ክሮው፣ ሁለተኛው ፊሽ ክሮው ይባላል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ በዓይን ለይቶ ማወቅ እጅግ ያስቸግራል። የሚለዩት ከሁሉ ይልቅ በድምፃቸው ነው፤ ፊሽ ክሮው በአፍንጫው የሚናገር ይመስላል። ታዲያ ቁራው ሳይጮህ ካለፈስ? አሮጊቷ በማስታወሻቸው ላይ የሚጽፉት «ቁራ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ» ብለው ነው። ሰባ ዓመት ወፍ ሲያዩ የኖሩ ሴት «አላወቅኩም» ብሎ መጻፍ አያሳፍራቸውም። እኔ መምህር በነበርኩበት ዘመን «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ ከሚወጣ ጥርሴ ቢወልቅ እመርጥ ነበር።

ይህ ጉዳይ የአንዲት አሮጊት ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚህ አገር ቀድሞ በገና ሰሞን ሰዎች በቡድን ተከፍለው ብዙ ወፍና አውሬ የገደለ የሚያሸንፍበት የአደን ውድድር ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአእዋፍ ተመራማሪ «በገና ቀን ወፍ ከምንገድል ለምን አንቆጥርም?» የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ዓመት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ አሁን የሚሳተፉት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን አሜሪካ የአእዋፍ ቁጥር ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን እንደቀነሰ አስታወቀ። ይህ ሊታወቅ የቻለው በአብዛኛው ያለ ደመወዝ በየጫካውና በየረግረጉ ቆመው በቆጠሩ ተራ ሰዎች ምክንያት ነው።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ብቻውን በረግረግ ውስጥ ቆሟል። ምስክር የለበትም። አምስት ያየውን ሃምሳ ብሎ ቢጽፍ ማን ያውቅበታል? ያላየውን ብርቅ ወፍ አየሁ ብሎ ቢኩራራ ማን ይከሰዋል? የሚያስረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አየሁ» የሚለው ቃል በእርሱ ዘንድ ክቡር መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አሮጊቷ «ምን አየህ?» ባሉኝ ጊዜ በሆዴ የተነሣው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ምርጫ 97ን ተከትሎ በብዙ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ታውከው ነበር። በአንዱ ቀን በረብሻ መካከል ድንጋይ ተወርውሮ የመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት ተሰበረ፤ አንዲት ባልደረባችንም ፊቷ ላይ ቆሰለች። እኔ በዚያ ሰዓት ከግቢው ማዶ ካለው ቤተ ሙከራ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ረጅም ልጅ አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ወደ መጸዳጃው ጀርባ ሲሮጥ አየሁ። ያየሁት ይህን ነው። ከዚህ የበለጠ አላየሁም። አረንጓዴ ሹራብ ደግሞ የደንብ ልብሱ ስለሆነ የማይለብስ ተማሪ የለም።

በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስም ጠራሁ። ለምን የእርሱን? ቁመቱ ረጅም ነው፤ አረማመዱም ይመስላል። ሌላም ምክንያት ነበረ፤ ያን ጊዜ ለራሴም አላመንኩትም ነበር። ልጁ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በክፍል ውስጥ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ጠይቆኝ፣ ተማሪው ሁሉ ስቆብኝ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ «በዓይንህ አይተኸዋል?» አለኝ። «አዎን፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኩ። ልጁ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «ቲቸር፣ እውነት እኔን አዩኝ?» ብቻ አለኝ። እኔም «አዎን» አልኩት።

ከትምህርት ቤቱ ተባረረ፤ የዚያን ዓመት ብሔራዊ ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ።

ውድ አንባቢያን፣ ምናልባት «በኋላ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተገኘም። ጥፋተኛም ሆኖ አልተገኘም። ድንጋዩን ማን እንደወረወረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁትም በዚሁ ነበር፤ «ምናልባት እርሱ ይሆናል» እያልኩ። በረግረጉ ላይ የተማርኩት ግን ይህ መጽናኛ ዋጋ እንደሌለው ነው። ያን ቀን በሰማይ ላይ ያየሁት ወፍ በአጋጣሚ ንስር ሆኖ ቢገኝ እንኳን፣ እኔ «ንስር አየሁ» ማለቴ እውነት አይሆንም ነበር። ያየሁት ትልቅና ጥቁር ነገር ነው፤ ቀሪውን የሞላሁት ከፍላጎቴ ነው። ልጁም ድንጋዩን ወርውሮ ቢሆን እንኳን የእኔ ምስክርነት ሐሰት ነው። ሐሰት የሚሆነው ነገሩ ስላልተደረገ ብቻ አይደለም፤ ያላየሁትን አየሁ ስላልኩም ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። በ«አየሁ» እና በ«መሰለኝ» መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ጉዳይ ነው ወይስ የግብረ ገብ? እኔ የግብረ ገብ ነው እላለሁ። ቋንቋችንማ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። «አየሁ» አለን፤ «ሰማሁ» አለን፤ «መሰለኝ» አለን፤ «ይባላል» አለን። «መጣ» እና «መጣ አሉ» አንድ እንዳልሆኑ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ቃሉ ሳይጎድለን ነው የምናደባልቀው።

በስደት አገር ደግሞ ይህ መደባለቅ ጉዳቱ የከፋ ነው። እዚህ የምንኖረው እርስ በርስ በመተማመን ነው። ሰው ሲሞትብን ገንዘብ የምናዋጣው በመተማመን ነው፤ እቁብ የምንገባው በመተማመን ነው። በማውቀው አንድ ማኅበር ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። የአንድ ወገናችንን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ነበረ። ብዙም ሳይቆይ «ገንዘቡን በልቶ መኪና ገዛ» የሚል ወሬ ተነሣ። ስንት ሰው አየ? ሦስት ሰዎች «አይተናል» አሉ። ነገሩ ተጣርቶ ሲታይ ሦስተኛው የሰማው ከሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛው የሰማው ከመጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያው ያየው ደግሞ ሰውየው በመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው። ሰውየው የሄደው አማቹ መኪና ሲገዛ ቋንቋ ሊያስተረጉም ነበር። ደረሰኙ ተመረመረ፤ አንድ ዶላር አልጎደለም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ታይቶ አያውቅም። ለሚቀጥለው ለቅሶ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ለማግኘትም ብዙ ተለመነ።

ወፍ ቆጣሪዎች በጣም የሚጠነቀቁለት አንድ ስሕተት አለ። አንድ ቁራ ዞሮ ተመልሶ ሲመጣ ሁለተኛ ቁራ ብሎ መቁጠር ነው። እኛም ያን ጊዜ ያደረግነው ይኸው ነው። አንዱ ወሬ ሦስት ጊዜ ቢዞርብን ሦስት ምስክር ብለን ቆጠርነው። በእኛ ዘንድ የወሬው ምንጭ እንዳይታወቅ ሲፈለግ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል። ምስኪን ወፍ! እኛ የፈጠርነውን ሁሉ በእርስዋ ላይ እናላክካለን።

«ወንድሜ፣ ኑሮ እኮ የወፍ ቆጠራ አይደለም። ሁሉም ሰው አላየሁም፣ አላወቅኩም ካለ ሌባው በምን ይያዛል? ክፉ ሰውስ እንዴት ይገሠጻል?» የሚለኝ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ይህንኑ ለአሮጊቷ አንሥቼላቸው ነበር። ሳያውቁ ያለፉትን ቁራ ከማስታወሻቸው አልሰረዙትም። «ቁራ» ብለው ጽፈዋል፤ ዓይነቱን ብቻ ነው ክፍት የተዉት። መልሱ ይህ ይመስለኛል። ዝም በሉ አይደለም የምለው። ያያችሁትን ያያችሁትን ያህል ተናገሩ ነው። እኔም በዚያ ኮሚቴ ፊት «አንድ ረጅም ተማሪ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ፊቱን አላየሁም» ማለት እችል ነበር። ይህን ብል ኖሮ እውነት በተናገርኩ፤ ፍርዱም በዚያው ልክ በተመዘነ ነበር።

ከዚህም ሌላ፣ ዛሬ ብዙዎች የቆጠሩትን በኮምፒዩተር ሲያስመዘግቡ አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ «ለይተህ ያወቅኸውን ወፍ ሁሉ መዝግበሃል?» ይላል። ያዩትን መተውም መዝገቡን ያጣምማል ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሕግ ለወሬኛው ብቻ ሳይሆን ለዝምተኛውም ነው። ጎረቤቱ ሚስቱን ሲደበድብ በዓይኑ አይቶ «በሰው ትዳር ምን አገባኝ» የሚል ሰው፣ አሠሪው የጓደኛውን ደመወዝ ሲቀማ አይቶ ለምስክርነት ሲጠራ «አላየሁም» የሚል ሰው፣ እርሱም እንደ እኔ ሐሰተኛ መዝጋቢ ነው። እኔ ያላየሁትን ጨመርኩ፤ እርሱ ያየውን ቀነሰ።

ባለፈው ዓመት በአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ በኩል የተማሪዬን ስልክ ቁጥር አገኘሁ። ቁጥሩ ሁለት ወር ያህል በመኪናዬ ውስጥ፣ ከፀሐይ መከላከያው ላይ ተሰክቶ ቆየ። ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ አየዋለሁ፤ መልሼም እሰካዋለሁ። በመጨረሻ ደወልኩ። ዛሬ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ሁለት ልጆች ወልዷል። ስሜን ስነግረው ዝም አለ። «ያን ቀን አየሁህ ያልኩት ሐሰት ነው። ያየሁት የሚሮጥ ልጅ ጀርባ ብቻ ነው። አንተ መሆንህን አላየሁም» አልኩት።

ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ያን ጊዜ ያመነችኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እርስዋም ዐረፈች» አለኝ።

ድንጋዩን ወርውሮ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። እርሱም «ይቅር ብዬዎታለሁ» አላለኝም። «ስለደወሉ አመሰግናለሁ፣ ቲቸር» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ይቅርታ አገኘሁ ብዬ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የሰማሁት ይህን ብቻ ስለሆነ የምጽፈውም ይህን ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ ለራሴ ያተረፍኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ላካፍላችሁ። ስለ ሰው ክፉ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት እንዲህ እላለሁ፦ በዓይኔ ያየሁት የትኛው ነው? ከሰው የሰማሁትስ የትኛው? ሰውየውን ስለምጠላው የጨመርኩት ነገር አለ ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። የዚያን ልጅ ስም ያስጠራኝ እርሱ ነበርና።

ሲመቻችሁ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሀንትሊ ሜዶውስ ወይም በየምትኖሩበት አቅራቢያ ወዳለ ረግረግና ጫካ ሂዱ። ልጆቹ «ንስር!» ብለው ቢጮኹ አትቆጡአቸው። «ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁአቸው። እኔ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ባቀርበው ኖሮ ሌላ መምህር በሆንኩ ነበር። እነርሱ ደግሞ ለእኔ አቅርበውልኝ ነበር፤ አንዱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ «እውነት እኔን አዩኝ?» ብሎኛል። ያን ጊዜ መልሱን አላወቅኩም፤ አላውቅም ለማለትም አልደፈርኩም።

ቸር ይግጠመን።